ቅንድቧን ያላስነካችው ተዋናይት

ባለፈው እትማችን የመጨረሻ ገጽ ላይ ያተምነው የኢንግሪድ በርግማን ፎቶግራፍ ከጠበቅነው በላይ ብዙ ደብዳቤ አምጥቶልናል። ምስሉ ተዋናይቷ በ1940ዎቹ መጀመሪያ የተነሣችው፣ ፀጉሯ በጎን ተከፍሎ ወደ ትከሻዋ የወረደበት፣ በጆሮዋም ሆነ በአንገቷ ላይ ጌጥ የሌለበት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ከዚሁ ከጎንደር የተጻፉትን ሦስቱን መርጫለሁ፤ ሦስቱም አንዱ የሌላውን ሐሳብ ስለሚያሟላ በአንድ ዓምድ አብሬ መመለሱን የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ጥያቄ፦ በፒያሳ አካባቢ የውበት ሳሎን ከፍቼ ሙሽሮችን ማስዋብ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ጥምቀት አልፎ የጥር ሠርግ ሲበዛ በአንድ ቀን አራት ሙሽራ የማዘጋጅበት ጊዜ አለ። አብዛኞቹ በስልካቸው የያዙትን ፎቶ አሳይተው «እንደዚህ አድርጊኝ» ይሉኛል፤ ቅንድባቸው ከሥሩ ተላጭቶ እንደ አዲስ እንዲሣል፣ ፊታቸው ከመልካቸው በጣም እንዲቀላ፣ አፍንጫቸው በጥላ እንዲቀጥን ይፈልጋሉ። ሥራዬ ነውና እታዘዛለሁ። ነገር ግን አንድ ቀን ሙሽራዋን ጨርሼ ሳስነሣት እናቷ ከውጭ ገብታ፣ ልጇ ፊት ለፊቷ ቆማ ሳለች፣ «ልጄ የት አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ያተማችሁትን ፎቶ ካየሁ ጀምሮ ደግሞ ይህን እጠይቃለሁ፦ ይህች ሴት እውነት ሜካፕ አልተቀባችም? ካልተቀባችስ እንዲህ ያሳመራት ምንድን ነው? ተቀብታ ከሆነስ ለምን «ተፈጥሯዊ» ትባላለች? ለሙሽሮቼስ ከእርሷ የምወስድላቸው ነገር ይኖር ይሆን?
— የሙሽራ አስዋቢ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ውድ እህታችን፤ ተቀብታ ነበር። በዚያ ዘመን ካሜራ ፊት የሚቆም ተዋናይ፣ ወንድ እንኳ ቢሆን፣ በኃይለኛው መብራት ቆዳው እንዳያብለጨልጭ ቅባት ሳይቀባ መቀረጹ ያልተለመደ ነበር፤ ኢንግሪድም ከዚህ ሙሉ በሙሉ ነጻ አልነበረችም። ስለዚህ «ምንም ሳትቀባ እንዲህ ታምር ነበር» የሚለውን ወሬ ለሙሽሮችዎ አይንገሯቸው፤ እውነት ካለመሆኑም በላይ የእርስዎን ሙያ ያሳንሳል። ሆኖም «ተፈጥሯዊ» መባሏ ከንቱ ማስታወቂያ አልነበረም፤ ምክንያቱን ለማስረዳት ወደ 1939 ልመልስዎት።

በዚያ ዓመት የጸደይ ወቅት የ23 ዓመቷ ስዊድናዊት ኢንግሪድ በርግማን፣ በአገሯ የሠራችውን አንድ የፍቅር ፊልም በእንግሊዝኛ ደግማ ለመሥራት ሆሊውድ ገባች። ያስመጣት ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ሴልዝኒክ ነበር። የመጀመሪያ ግንኙነታቸውን እርሷ ራሷ በ1980 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ተርካዋለች፦ ሰውዬው ቁመቷን አይቶ ጫማዋን ብታወልቅ እንደሆነ ጠየቃት፤ እርሷም የተጫማችው ተረከዝ የሌለው ጫማ ስለሆነ ማውለቁ እንደማይጠቅም ነገረችው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ የሚለወጠው ነገር ተራ በተራ ተቆጠረላት። ስሟ በጣም ጀርመንኛ ስለሚመስል ሌላ ይውጣላት ተባለ፤ ቅንድቧ ወፍራም ነውና ይቀንደብ፣ ጥርሷም ይስተካከል ተባለ። ኢንግሪድ ግን አንዱንም አልቀበልም አለች፤ ከነመልኳ ካልተፈለገች ወደ አገሯ እንደምትመለስ ተናገረች። ሴልዝኒክ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ካሰበ በኋላ ነገሩን ገለበጠው፤ ስሟም፣ ቅንድቧም፣ ጥርሷም እንደ ነበሩ ይቅሩ፤ ሆሊውድ ያልለወጣት ተዋናይት ተብላ ለሕዝብ ትቅረብ ብሎ ወሰነ።

የዚህን እምቢታ ክብደት ለመመዘን የዘመኑን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1930ዎቹ የፊልም ሴቶች ቅንድባቸውን ነቅለው በቦታው ቀጭን ቅስት ማሣል ደንብ የሆነ ያህል ነበር፤ የማርሌነ ዲትሪክን ፎቶዎች ቢመለከቱ ይህንኑ ያያሉ። ሪታ ሄይወርዝ ተብላ የታወቀችው ተዋናይት የትውልድ ስሟ ማርጋሪታ ካንሲኖ ነበር፤ ስሟ ተለወጠ፣ ፀጉሯ ተቀለመ፣ ግንባሯ ሰፋ ብሎ እንዲታይ የፊት ፀጉሯ በኤሌክትሪክ መርፌ ከሥሩ እየተቃጠለ ወደ ኋላ እንዲሸሽ ተደረገ። ሪታ በዚህ ምክንያት የምትወቀስበት ነገር የለም፤ ወጣት ነበረች፣ ሥራውም እንጀራዋ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሁሉ መካከል አንዲት ለቋንቋው እንግዳ የሆነች፣ ገና አንድ ፊልም እንኳ ያልሠራችላቸው ልጅ «ቅንድቤን አትንኩ» ብላ መቆሟ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ እህታችን፣ ተፈጥሯዊ የተባለችበት ምክንያት በፊቷ ላይ የተቀባው ማነሱ ብቻ እንዳይመስልዎት፤ ዋናው ከፊቷ ላይ የተነሣ ነገር አለመኖሩ ነው። በእርስዎ ሙያ ቋንቋ ልንገርዎትና፣ መቀባትና መላጨት አንድ አይደሉም። የተቀባው ማታ በውኃ ይታጠባል፤ የተላጨው ግን ሙሽራዋ ከሠርጉ ማግሥት ባሏ ፊት ስትነሣ የለም።

ቅንድብን ደጋግሜ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የሰው ሐሳብ ከአፉ ቀድሞ የሚያልፍበት ቦታ ቅንድብ ነው። ሰው ሲጠራጠር አንደኛው ቅንድቡ በጥቂቱ ይነሣል፤ ሲያዝን የውስጠኛው ጫፍ ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ ሲደነግጥ ሁለቱም ይሰቀላሉ። ፀጉሩ በተፈጥሮ ቦታው ካለ ከሥጋው ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ተላጭቶ ከፍ ብሎ የተሣለ ቅንድብ ግን ሙሽራዋ ስታለቅስም ስትስቅም ያንኑ የመገረም ምልክት ይዞ ይቀራል። የኢንግሪድ ፊት ያለ ንግግር ብዙ የሚናገረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። በ1944 የመጀመሪያውን የኦስካር ሽልማት ያስገኘላትን ፊልም ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳኛል፤ ባሏ አእምሮሽን ስተሻል እያለ የሚያሳብዳትን ሴት ስትጫወት፣ ራሷን መጠራጠር የምትጀምርበትን ቅጽበት ከቃሏ በፊት ከግንባሯ እናነበዋለን።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣው የእኛው ቋንቋ የሰጠንን አንድ ቃል ነው። በአማርኛ ቁንጅና ሌላ፣ ደም ግባት ሌላ ነው። ቁንጅና የአፍንጫ መሰልከክ፣ የጥርስ ሐጫ በረዶ መምሰል፣ የአንገት መርዘም ነው፤ ተራ በተራ ሊቆጠር፣ ሊለካ፣ ዛሬ ደግሞ በገንዘብ ሊገዛ ይችላል። ደም ግባት ግን ቃሉ ራሱ እንደሚናገረው በፊት ላይ የሚገባና የሚወጣ ሕያው ነገር ነው። አያቶቻችን «መልኳስ ይህን ያህል አይደለም፣ ደም ግባት ግን አላት» ሲሉ የሚያመሰግኑት ይህንኑ ነው። ኢንግሪድ በርግማን ቁንጅናም ነበራት፤ ነገር ግን ከእርሷ የበለጠ የተስተካከለ ፊት የነበራቸው የዘመኗ ተዋናዮች ጥቂት አልነበሩም፤ የብዙዎቹን ፎቶ አይተን እናልፋለን፣ የእርሷ ላይ ግን እንቆያለን። የሚያቆየን ደም ግባቷ ነው፤ ደም ግባት ደግሞ ወፍራም ፋውንዴሽን ሥር መተንፈስ አይችልም።

ይህ ነገር ከየት መጣላት ብለው ቢጠይቁኝ፣ እኔ ወደ ልጅነቷ እሄዳለሁ። በ1915 በስቶክሆልም ተወለደች፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላት እናቷ ሞተችባት፤ 13 ዓመት ሲሆናት ደግሞ አባቷን ቀበረች። አባቷ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። በየልደቷ ቀን በፎቶና በተንቀሳቃሽ ምስል ያነሣት ስለ ነበር፣ ያቺ ልጅ ካሜራን ያወቀችው ገና በሕፃንነቷ፣ በምትወደው ሰው እጅ ተይዞ ነው። ብዙ ሰው ካሜራ ሲደገንበት ፊቱ የሚደርቀው እንደሚመዘን ስለሚሰማው ነው። ለኢንግሪድ ግን ከመነጽሩ ጀርባ ያለው ዓይን በመጀመሪያ የአባት ዓይን ነበር። በ26 ዓመቷ «ካዛብላንካ» የተባለውን ፊልም ስትሠራም ያ መተማመን አልተለያትም ብዬ አስባለሁ።

እውነቱ ሙሉ እንዲሆን ግን ሌላውንም ገጽ ላሳይዎት። በ1943 በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ላይ የተመሠረተ ፊልም ስትሠራ ፀጉሯን በአጭሩ ተቆረጠች። ያ አጭር፣ የተጠቀለለ፣ ነፋስ የበተነው የሚመስል ፀጉር በአሜሪካ ሴቶች ዘንድ ትልቅ ፋሽን ሆነ፤ ብዙዎችም ተቆረጡት። ችግሩ ምን መሰልዎት፦ በቀረጻው ቦታ አንድ የፀጉር ባለሙያ ከኋላዋ ሳይለይ ቀኑን ሙሉ ይጠቀልለው፣ ያስተካክለው ነበር፤ ፋሽኑን የተከተሉት ሴቶች ግን ያ ባለሙያ ስላልነበራቸው ፀጉራቸው ሳይውል ሳያድር ይበላሽ ነበር። ኢንግሪድ ይህን ሳትደብቅ ራሷ ተናግራዋለች። ስለዚህ ቀላል የሚመስል ነገር ሁሉ በቀላሉ የተሠራ አይደለም፤ የእርስዎን ሙያ የሚያስከብረውም ይኸው ነው።

ለሙሽሮችዎ ምን ይውሰዱላቸው? የእኔ ምክር፣ ከኢንግሪድ መልክ ምንም አይውሰዱላቸው የሚል ነው፤ ከእምቢታዋ ግን ይውሰዱላቸው። መኳል፣ መሠራት፣ መቀባት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ድዳቸውን ተነቅሰዋል፣ እጅና እግራቸውን እንሶስላ ሞቀዋል፣ ሹሩባ ተሠርተው ቅቤ ተቀብተዋል፤ ሙሽራ ያለ ኩል የማትታሰብበት ዘመንም ሩቅ አይደለም። ነገር ግን ኩል የዓይንን ጠርዝ ተከትሎ ያለውን ዓይን ያጎላል፤ ዓይኑን አጥፍቶ ሌላ ዓይን አይሠራም። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተሣሉትን መላእክት ቀና ብለው ያዩ ሰው ነዎት ብዬ እገምታለሁ። የጎንደር ሠዓሊ የፊትን ውበት በምን ሊገልጽ እንደ ፈለገ እዚያ ይታያል፤ ጎልቶ የሚመለከት ዓይንና በላዩ የተዘረጋ ጥቁር፣ ሙሉ ቅንድብ። ልጆቻችን ከዚህ ቅንድብ ጋር ተወልደው፣ በስልክ ፎቶ ምክንያት ሲላጩት ማየት ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ሙሽራዋ ወንበርዎ ላይ ስትቀመጥ፣ ፎቶውን ከማየትዎ በፊት መጀመሪያ ፊቷን ታጥባ በቀን ብርሃን ይመልከቷት፤ ቢቻል እያወራችና እየሳቀች። ቅንድቧን በብሩሽ አበጥረው ከመስመር የወጣችውን አንዳንድ ፀጉር ብቻ ይቀንድቡላት። ፋውንዴሽኑን በመንጋጋዋ ላይ ከመሞከር ይልቅ ከአንገቷና ከደረቷ ቀለም ጋር ያመሳስሉት፤ ጠይም ሙሽራ ጠይም ሆና ትውጣ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ እናቷን ከአጠገብዎ ቢያስቀምጡ ጥሩ ነው፤ የልጇን ፊት ከሁሉ አስቀድሞ የምታውቅ እርሷ ናትና፣ የትኛው ነገር መነካት እንደሌለበት ትነግርዎታለች።

ጥያቄ፦ በፋሲል ግቢ አካባቢ ሠርገኞችንና ጎብኚዎችን ፎቶ በማንሣት የምተዳደር ወጣት ነኝ። በፎቶው ላይ የኢንግሪድ ዓይን የሚያበራው እንዴት ተደርጎ ነው? ፊቷስ ያለ ፊልተር እንዲህ ለስላሳ የሆነው በምንድን ነው? እኔ በእኩለ ቀን ፀሐይ የማነሣቸው ሰዎች ዓይናቸው ጉድጓድ፣ ግንባራቸው መስተዋት ይሆንብኛል።
— ፎቶ አንሺው

መልስ፦ ወንድማችን፤ ጥያቄዎ አጭር ቢሆንም የጉዳዩን ልብ የነካ ነው፤ ምክንያቱም ተዋናይቷ ያስከበረችውን ፊት አክብረው ያቆዩት የመብራትና የካሜራ ሰዎች ናቸው። በመጀመሪያው የሆሊውድ ፊልሟ ላይ የካሜራውን ሥራ የያዘው ግሬግ ቶላንድ ከዘመኑ ታላላቅ ባለሙያዎች አንዱ ነበር። በ«ካዛብላንካ» ደግሞ ካሜራውን የያዘው አርተር ኤደሰን ሦስት ነገሮችን አደረገ። አንደኛ፣ አብዛኛውን ጊዜ በምትመርጠው በግራ ገጿ በኩል አነሣት። ሁለተኛ፣ ቅርብ ምስሎቿን ሲቀርጽ በመነጽሩ ፊት ስስ ጨርቅ በመጋረድ የፊቷን ብርሃን አለሰለሰው፤ እርስዎ ዛሬ ፊልተር የሚሉት ነገር ያኔ በእጅ የሚያዝ ስስ ጨርቅ ነበር። ሦስተኛ፣ ከፊት ለፊቷ ትንንሽ መብራቶች በማስቀመጥ በዓይኗ ብሌን ውስጥ የብርሃን ነጥብ እንዲያርፍ አደረገ። ዕንባ ያቀረረች የሚመስለን በዚህ ምክንያት ነው።

ልብ ይበሉ፤ ከእነዚህ ነገሮች አንዱም የፊቷን ቅርጽ አልለወጠም። የስልክ ፊልተር አፍንጫን ያቀጥናል፣ ዓይንን ያሰፋል፣ አገጭን ያሾላል፤ ኤደሰን ግን ብርሃኑን ብቻ ነው ያዘጋጀው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አብሬ ላንሣ፤ ኢንግሪድ ከአጋሯ ከሐምፍሪ ቦጋርት በጥቂቱ ስለምትረዝም፣ እርሱ ከፍ ያለ ጫማ እየተጫማ ይቀረጽ ነበር። 

ለእርስዎ ሥራ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ እኩለ ቀን ላይ ሠርገኛን ሣሩ መካከል አያቁሙ። የፋሲል ግቢ የድንጋይ ቅስቶች ከዘመናዊ ስቱዲዮ የማይተናነስ ብርሃን አላቸው። ሙሽራዋን ከቅስቱ ጥላ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባ አድርገው ፊቷን ወደ ውጭ፣ ወደ ሰማዩ ብርሃን ያዙሩላት፤ ከላይ የሚወርደው ፀሐይ ይከለልና ከፊት ለፊት የሚገባው ብርሃን ብቻ ይቀራል፤ ያ ብርሃንም በዓይኗ ውስጥ ነጥብ ሆኖ ያርፋል። ነጭ ነጠላ የለበሰች አጃቢ ካለች ከጎኗ ትቁም፤ ነጠላው ብርሃኑን መልሶ በጥላው በኩል ያለውን ጉንጭ ያበራዋል። ከዚያ በኋላ አይቸኩሉ። ሙሽራዋ ለካሜራው ፈገግ ብላ ስትጨርስ፣ ፈገግታው ከፊቷ ላይ ሲወርድ ያለችውን ቅጽበት ይጠብቁ፤ ብዙውን ጊዜ እውነተኛው ፊት የሚገኘው እዚያ ነው።

በዚህ ከተማ የነገሠችው እቴጌ ምንትዋብ የንግሥና ስሟ «ብርሃን ሞገሳ» ነበር፤ ብርሃን ሞገሷ ማለት ነው። ቁስቋም ወደሚገኘው ቤተ መንግሥቷ ፍርስራሽ ሠርገኛ ይዘው ሲወጡ ይህን ስም ቢያስቡት ደስ ይለኛል፤ ስሙን ያወጡት ሰዎች ስለ ካሜራ የሚያውቁት ነገር ባይኖርም፣ ብርሃንንና ሞገስን አንድ ላይ ማሰራቸው ለእርስዎ ሙያ የተሰጠ ምክር ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ የምኖረው አዘዞ ነው። ስለዚህች ተዋናይት የምትጽፉትን አድናቆት በአክብሮት አነባለሁ፤ ነገር ግን ባሏንና ልጇን ጥላ ከሌላ ሰው መውለዷን በወጣትነቴ አንብቤአለሁ። ይህን ሳያነሡ ውበቷን ብቻ ለወጣት አንባቢ ማቅረብ ተገቢ ነውን? ከፊልሞቿ አንዱን ላይ ብልስ የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?
— መምህሩ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፤ ያነበቡት እውነት ነው። ኢንግሪድ በ1937 ፔተር ሊንድስትሮም ከተባለ ስዊድናዊ ሐኪም ጋር ተጋብታ በ1938 ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። በ1949 ከጣሊያናዊው ዳይሬክተር ከሮቤርቶ ሮሴሊኒ ጋር ፊልም ለመሥራት ወደ ጣሊያን ሄደች፤ እዚያም በፍቅር ወደቁ፤ በየካቲት 1950 ከቀድሞ ባሏ ጋር ያለው ጉዳይ ሳያልቅ ወንድ ልጅ ወለደች። የበኩር ልጇ ከእናቷ ተለይታ ለዓመታት በአሜሪካ ቀረች። የልጅቷ ሐዘን እውነተኛ ሐዘን ነው፤ እናቷ ደም ግባት ስለ ነበራት የሚቀንስ አይደለም። ኢንግሪድም ይህን ቀላል ነገር አድርጋ አልተናገረችውም።

ነገር ግን የተቀጣችው ለሠራችው ነገር ብቻ ነበር ብዬ አላምንም፤ ስለ ተፈጥሯዊነቷ በተነገረው ነገር ጭምር ተቀጥታለች። ሆሊውድ «ምንም ያልተለወጠች» ብሎ አቀረባት፤ ቀጥሎም በ1945 መነኩሲት፣ በ1948 ቅድስት ጆአን አድርጎ አሳያት። ሕዝቡም ፊቷ ያልተነካ ስለ ሆነ ኑሮዋም እንደ ፊልሞቿ ቅዱስ ነው ብሎ አመነ። ቀለም የተቀባች፣ ቅንድቧ የተሣለ ተዋናይት ያንኑ ብታደርግ ያን ያህል የሚደነቅ አይኖርም ነበር። በመጋቢት 1950 የኮሎራዶው ሴናተር ኤድዊን ጆንሰን በአሜሪካ ሴኔት ተነሥቶ በስሟ ጠርቶ አወገዛት፤ ለሰባት ዓመት ያህል አሜሪካን አልረገጠችም። በ1956 የሠራችው «አናስታሲያ» የተባለው ፊልም ሁለተኛውን ኦስካር አስገኘላት፤ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ስላልነበረች ሽልማቱን ተዋናዩ ኬሪ ግራንት ተቀበለላት። በ1972 ደግሞ ቻርለስ ፐርሲ የተባለ ሌላ ሴናተር በዚያው ምክር ቤት የተነገረባት ነገር ስሕተት እንደ ነበር በመዝገብ አስገባላት።

ስለዚህ እርስዎ ያነሡት ጥያቄ ከውበቷ ጉዳይ ውጭ የሆነ ጥያቄ አይደለም። የማከብርላት ተፈጥሯዊነት ቅድስና አይደለም፤ ፊቷን አለመደበቋ ነው። ይህንንም በእርጅናዋ አሳይታለች። በ1974 አካባቢ የጡት ካንሰር እንዳለባት ታወቀ። ከዚያ በኋላ ሥራዋን አላቋረጠችም፤ የመጨረሻ ሥራዋ በሆነው፣ በ1982 በቀረበው የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረችው የጎልዳ ሜየር ታሪክ ላይ ስትሠራ ክንዷ በሕመሙ ምክንያት አብጦ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ 29 ቀን፣ በ67ኛ ልደቷ ዕለት፣ በለንደን ዐረፈች።

የትኛውን ፊልም ልይ ላሉኝ፣ ሁለት ፊልሞች በተከታታይ እንዲያዩ እለምንዎታለሁ፤ ሁለቱም ውስጥ የማሳይዎት አንዲት ሴት ፒያኖ ስትሰማ ነው። በመጀመሪያው፣ በ1942 በተቀረጸው «ካዛብላንካ»፣ ኢንግሪድ ከፒያኖ ተጫዋቹ አጠገብ ተቀምጣ አንድ የድሮ ዜማ እንዲጫወትላት ትጠይቀዋለች። ዜማው ሲጀምር ካሜራው ወደ ፊቷ ቀርቦ እዚያው ይቆያል። ምንም የምታደርገው ነገር የለም፤ አታለቅስም፣ እጇን ወደ ፊቷ አታነሣም፤ ዓይኗ የትም ሳያርፍ ትሰማለች። ተመልካቹ ግን ፓሪስ ውስጥ የሆነውን ታሪክ ገና ሳይነገረው ከፊቷ ያውቀዋል።

ሁለተኛው በ1978 የወጣው «የበልግ ሶናታ» ነው፤ በአገሯ ቋንቋ በስዊድንኛ የተሠራ፣ የስም እንጂ የሥጋ ዝምድና ከሌላት ከዳይሬክተሩ ከኢንግማር በርግማን ጋር የሠራችው ብቸኛ ፊልም። በዚህ ውስጥ ስለ ሙያዋ ልጆቿን ችላ ያለች ታዋቂ ፒያኒስት ሆና ትጫወታለች፤ ለእርስዎ የመረጥኩት ስለዚህ ጭምር ነው፤ ያን ገጸ ባሕርይ ለመጫወት መስማማቷ፣ እርስዎ የጠየቁትን ጥያቄ እርሷም ከራሷ እንዳላራቀች ያሳየኛል። ልጇን ሆና የምትጫወተው ሊቭ ኡልማን ናት። ልጅቷ ፒያኖው ላይ ተቀምጣ ለእናቷ አንድ የሾፓን ሥራ ትጫወትላታለች፤ እንደሚገባ አትጫወተውም። ካሜራው እንደ ገና ወደ ኢንግሪድ ፊት ይቀርባል። አሁን 62 ዓመቷ ነው፤ በዓይኗ ዙሪያ ያለው መጨማደድ ሁሉ ይታያል፤ በመነጽሩ ፊት የተጋረደ ጨርቅ የለም። ልጇን ታዝንላታለች፣ በአጨዋወቷ ታፍርባታለች፣ ለራሷም ትደነግጣለች፤ ሦስቱም በአንድ ጊዜ በፊቷ ላይ ያልፋሉ። ያን ጊዜ ቅንድቧን ይመልከቱልኝ፤ በ1939 አይነካም ብላ ያስቀረችው ያው ቅንድብ ነው።